የማይቆጠሩት ስድስት

ሰኞ 3

ልጄ ዛሬ ረፋድ ላይ ቤት መጣች። በሥራ ቀን፣ የሥራ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ። እናቷ በሩን ከፍታ "ምነው፣ ደህና?" ስትላት አልፋት ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ነርስ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለአንድ አዛውንት መርፌ ወጋች። የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። ባለ አንዱን መስጠት ሲገባት ባለ አሥሩን ሰጠች፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሰውየው ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናቸው፣ የሚተነፍሱት በመሣሪያ ነው። እሷን ከሥራ አግደዋታል። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጥፋተኛ ካላት የሙያ ፈቃዷ ይሰረዛል። ሰውየው ከሞቱ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው።

"ያነሳሁት አረንጓዴውን፣ ባለ አንዱን ነው አባዬ" አለችኝ። "እምልልሃለሁ፣ ዐይኔ ያየው አረንጓዴ ነው።"

የምሠራው መድኃኒቱን በሚያመርተው ፋብሪካ ነው፤ የሁለቱንም ብልቃጥ ሌብል የሳልኩት እኔ ነኝ። ቀዩም አረንጓዴውም የእኔ እጅ ነው። ታውቃለች። ሌብሉ የወጣ ሰሞን ለጓደኞቿ "የአባቴ ሥራ ነው" እያለች ስታሳይ ነበር።

"እስኪ መጀመሪያ እህል ቅመሺ" አልኳት።

ማክሰኞ 4

እንቅልፍ የለም። ሥራ ቦታ ሁለት ጊዜ ፊደል ገደፍኩ። የጠረጴዛዬን ታችኛ መሳቢያ አልከፈትኩም። የምከፍትበት ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ 6

አለቃችን አስጠራኝ። ሠራተኛው "አቶ ዛሬውኑ" ይለዋል፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ዕድሜው ልጄን ቢሆን ነው፤ ሰው ግን ያከብራል፣ እሱን አልነፍገውም።

"ጋሼ፣ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፏል። ሌብሉ ተሞክሯል ወይ ይላሉ።" ደብዳቤውን እያጠፈ፣ "ነርሷ የእርስዎ ልጅ ናት አሉ" አለኝ።

"አዎ።"

"አይዞዎት። ግን ቀይ ቀይ ነው፣ አረንጓዴም አረንጓዴ ነው። ሰው ይሳሳታል። ሙከራው መቶ በመቶ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር" አልኩ።

"እንግዲያው መልሱን እርስዎ ያርቅቁልኝ፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ዛሬውኑ።"

አረቀቅኩ። "ሌብሉ ከመታተሙ በፊት በሰዎች ተሞክሮ ሁሉም ያለ ስህተት ለይተውታል" ይላል። ቤት ስደርስ ልጄ "እናንተ ጋ የተባለ ነገር አለ?" አለችኝ። የለም አልኳት። የገዛ ልጄን የሚከስ ደብዳቤ በራሴ እጅ ጽፌ፣ የለም አልኳት።

ዓርብ 7

ከመሳቢያው አንድ ወረቀት ወደ ቤት አመጣሁ። እዚያ ወረቀት በዝቶ ስለተጨናነቀ ነው።

ቅዳሜ 8

ግማሽ ቀን ሥራ። ማሽኒስቱ ሻይ ልጋብዝህ ብሎ ጓሮ ወሰደኝ። ሌብል የሚያትመው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ጣቶቹ ከቀለም ጸድተው አያውቁም። ሚስቱ ሰላም ስትለው ጓንት አድርጋ ነው እያልን እንቀልድበታለን። ዛሬ አልቀለደም።

"የልጅህን ነገር ሰማሁ። አንጀቴ ነው የተላወሰው" አለ። ከዚያ ሻዩን እያማሰለ፣ "እኔ እኮ ያኔ፣ መብራት የጠፋ ቀን፣ ተሳስቼ ነበር። ትዝ ይልሃል?"

"የቱ ቀን?"

አየኝ። እኔም ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እሑድ 9

ማሽኒስቱ ስላነሳው ብቻ ነው የምጽፈው። ለራሴ ነው።

ማንኛውም ሌብል ከመታተሙ በፊት እሞክረዋለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር የተማርኩት ነገር ቢኖር ዐይን እንደማያነብ ነው። ዐይን መጀመሪያ ቀለም ያያል፣ ቀጥሎ ቅርጽ፤ ፊደል ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ነው፣ ያውም ጊዜ ከተረፈው። እጅ ደግሞ እስኪነበብ አይጠብቅም፤ ቀለሙን እንዳየ ይዘረጋል። ስለዚህ ከየክፍሉ ሰው እሰበስብና አሥር ብልቃጥ ትሪ ላይ ደርድሬ በጨርቅ እሸፍናለሁ። ዘጠኙ ባለ አሥር፣ አንዱ ባለ አንድ። ጨርቁን ገልጬ "ባለ አንዱን" እላለሁ፤ ሁለት እስክቆጥር ካላነሱ መልሼ እሸፍናለሁ። ነርስ የምታይበት ጊዜ ከዚያ አይበልጥም።

መጀመሪያ የሳልኩት ሌላ ነበር። ባለ አሥሩ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ሰያፍ መስመር ነበረው፤ ባለ አንዱ ነጭ። አቶ ዛሬውኑ አይቶ "ጋሼ፣ ይኼማ የከረሜላ መጠቅለያ መሰለ" አለ። ሁሉም ምርቶቻችን አንድ ቤተሰብ እንዲመስሉ ፈለገ፤ ክብር ያለው ቀለም፣ አንድ ዓይነት ጥለት። ባለ አሥሩን ጠቆር ያለ ቀይ፣ ባለ አንዱን ጠቆር ያለ አረንጓዴ አደረግኩለት። አማረ። እኔም ወደድኩት፣ አልዋሽም።

በሙከራው ቀን አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ነበር። ስድስቱ ገብተው ስድስቱም አገኙት። ስድስተኛው እንደወጣ መብራት ጠፋ። ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል። የቀሩት ሥራ ጥለው መጥተው ኮሪደር ላይ ቆመዋል፤ ከማመላልሳቸው ብዬ በመስኮቱ ብርሃን ቀጠልኩ። ከስድስቱ አራቱ ባለ አሥሩን አነሱ። ማሽኒስቱ አንዱ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ብልቃጡን እያገላበጠች "ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ።

ውጤቱን ወረቀቱ ላይ መዘገብኩ። ከሥሩ አስምሬ "በቂ ብርሃን ስላልነበረ እነዚህ ስድስቱ አይቆጠሩም" ብዬ ጻፍኩ። ደንባችን ነው፤ ሙከራ የሚደረገው በተስተካከለ ብርሃን ነው። መብራት ሲመጣ ልደግመው ነበር። አቶ ዛሬውኑ በሩ ላይ ቆሞ "ማሽኑ እየጠበቀ ነው" አለ። ሪፖርቱ ላይ "ስድስት ከስድስት" ብዬ አስገባሁ። ውሸት አይደለም። ስድስት ከስድስት ነበሩ።

ሆስፒታል ውስጥ ብርሃን አለ። ልጄ የሠራችበት ክፍል መስኮት አለው፣ ራሷ ነግራኛለች። ስለዚህ ይህ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ረቡዕ 12

ልጄ ከሥራ ሳጥኗ ዕቃዋን እንዳመጣላት ላከችኝ፤ ራሷ መሄድ አልቻለችም። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ተቀበለችኝ፤ ጠና ያለች ሴት ናት። "እንደ እሷ ያለ ልጅ የለኝም" አለችኝ። ሳልጠይቃት ወስዳ ክፍሉን አሳየችኝ።

አሁን ሌላ ሕመምተኛ ተኝቶበታል። መስኮት አለው፣ እውነት ነው። መጋረጃው ግን ተዘግቷል።

"ያን ቀንም እንዲህ ነበር" አለች ኃላፊዋ። "አዛውንቱ ብርሃን ሲያዩ ራሳቸውን ይፈልጣቸው ነበር። መጋረጃውን የዘጋችላቸው እሷ ናት፤ ትንሽ ዐረፍ ይበሉ ብላ። እዚህ ጋ ነው የቆመችው።"

የመድኃኒቱ ጋሪ እዚያው ቆሟል። የእኔ ብልቃጦች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ቀዩ ቀይ አልነበረም፤ አረንጓዴውም አረንጓዴ አልነበረም። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ደግሞ ብልቃጡ ክብ ነው፤ የአሥሯ ዜሮ ወደ ጎን ዞራ ከፊት የሚታየው አንድ ብቻ ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋ ወረቀት ስስላት ዜሮዋ የትም አትሄድም ነበር።

ግድግዳውን ያዝኩ። ኃላፊዋ "አመመዎት?" አለችኝ። "ይኼን ብልቃጥ አሁንም ትጠቀሙበታላችሁ?" አልኳት።

"ሌላ የት አለን?"

አርባ ሺህ ነው ያተምነው። በየት በየት ሆስፒታል እንዳለ የሚያውቀው የመጋዘን ሠራተኛው ነው። ዛሬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ለምን ትጠይቃለህ ቢለኝስ?

ሐሙስ 13

ፈራሁ። ይኸው ነው። ምሳዬን አልበላሁም።

ዓርብ 14

ልጄ ዐይኗን ልትመረመር ሄደች። "አረንጓዴ ነው ያየሁት እያልኩ ቀይ ካነሳሁ ዐይኔ ጤና የለውም ማለት ነው" ብላ። እናቷ አብራት ሄደች። በሩ ላይ "ልጄ፣ ተይው፣ ዐይንሽ ደህና ነው" ማለት እችል ነበር። ያልኩት "ጃንጥላ ያዙ" ነው።

ማምሻውን ተመለሱ። ዐይኗ አንድም እንከን የለውም። ደስ ይላታል ብዬ ሳስብ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው" አለች።

እሑድ 16

ለኮሚቴው የምትሰጠውን ጽሑፍ ዛሬ ጨረሰች። "በእኔ ትኩረት ማጣት የተፈጠረ ስህተት መሆኑን አምናለሁ" ይላል። "ካመንሽ ቅጣቱ ይቀልልሻል" ብለዋታል።

"አባዬ፣ አንተ በዚህ ሙያህ ነው፤ እስኪ እየው" ብላ ሰጠችኝ።

አየሁት። መስመሮቹ ተጣብበው ነበር። ኅዳጉን አሰፋሁላት፣ አንቀጾቹን አራራቅኩ፣ "አምናለሁ" የምትለዋ ቃል ብቻዋን ወደ ቀጣዩ ገጽ እንዳታመልጥ አስተካከልኩ። አሁን ለዐይን ጥሩ ነው። "ተባረክ" አለችኝ። ከዚህ በላይ ልጽፍ አልችልም።

ሰኞ 17

"ዝም አይነቅዝም" ይላሉ። የእኔ ነቅዟል፤ ሽታው ለራሴ ይመጣል። ብናገር ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፣ ለሆስፒታሉ የሄደው ደብዳቤ የእኔ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት። ደግሞ እሱንም እችለው ይሆናል። የማልችለው እሷ ወረቀቱን ስታነበው ፊቷን ማየት ነው።

አዛውንቱ እንደዚያው ናቸው። ልጄ በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ስትነሳ የምትደውለው ለእሳቸው ልጅ ነው። ሰድቧት አያውቅም። "እስካሁን አሉ" ይላታል።

ረቡዕ 19

ራሴን አሞኛል ብዬ ቤት ዋልኩ። የሳሎኑን አምፖል ቀየርኩ። ሌላ ምንም።

ቅዳሜ 22

አንሶላ ስትቀይር ባለቤቴ ወረቀቱን አገኘችው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የሥራ ወረቀት ነው።"

"የሥራ ወረቀት ትራስ ሥር ምን ይሠራል? እንቅልፍ እንቢ ብሎት ነው?"

ከዚያ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ቆማ ነው ያነበበችው። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ ጸጥ ብላ አታውቅም፤ ስትቆጣ ጎረቤት ነው የሚሰማት። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ ትራሱ ሥር መለሰችው፤ አዲሱን አንሶላ ከላዩ አነጠፈችበት።

"አልነግራትም" አለችኝ። "እኔ ከነገርኳት አባት አይኖራትም።"

ሰኞ 24

ማሽኒስቱ በሩ ላይ ጠብቆኝ አገኘሁት። "ኮሚቴው ሐሙስ ነው አሉ። ሄጄ መብራት ስለጠፋበት ቀን እናገራለሁ" አለ።

"ማን ያምንሃል? የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይሉሃል።"

"ድንቢጥም ብሆን። ልጅቷን እኮ ከትንሽነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።" ከዚያ ክንዴን ያዘና "ወረቀቱን ጥለኸዋል?" አለኝ።

ጥዬዋለሁ ብዬው ቢሆን ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እሱ ያለ ወረቀት ምንም አያመጣም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አልጣልኩትም" አልኩ። ለምን እንዳልጣልኩት እስካሁን አላውቅም። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ክብሪት እቤት ነበር።

ረቡዕ 26

ነገ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጄ ነገ የምትለብሰውን ሸሚዝ ተኩሳ በር ላይ ሰቅላዋለች። ባለቤቴ የእኔንም ከጎኑ ሰቀለችው፤ ምንም አላለችኝም።

ሐሙስ 27

ከሰዓት በኋላ ነው የምጽፈው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አምስት ሰው ባንድ በኩል፤ ልጄ ብቻዋን በሌላ በኩል። ማሽኒስቱና እኔ ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። አቶ ዛሬውኑ የእኔን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ አነበበው። "ሁሉም ያለ ስህተት" የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ልጄ ራሷን ነቀነቀች፤ ተስማማች ማለት ነው። እሱን ሳይ ተነሳሁ። ጀግንነት እንዳይመስል፤ ጉልበቴ ነው ያነሳኝ፣ እኔ አይደለሁም።

ወረቀቱን ለሰብሳቢዋ ሐኪም ሰጠኋት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው። ከስድስቱ አራቱ። መብራት አልነበረም። አይቆጠሩም። ከዚያ ቀና ብላ "ሆስፒታል ውስጥ ብርሃን ሁልጊዜ የተስተካከለ መሰለዎት?" አለችኝ።

"መስሎኝ አልነበረም" አልኩ። "አላሰብኩትም። ማሰብ ስጀምር ደግሞ ፈራሁ።"

ክፍሉ ውስጥ ያልተነቃነቀ ሰው አልነበረም። አቶ ዛሬውኑ "ጋሼ" ብሎ ቀረ። ልጄን አላየኋትም። ማየት ስላልቻልኩ ዐይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጠረጴዛው ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ቅዳሜ 29

ልጄ ነጻ ናት። ከሳምንት በኋላ ሥራ ትገባለች። አዛውንቱም መሣሪያው ወልቆላቸው በራሳቸው እየተነፈሱ ነው፤ ልጃቸው ደውሎ ነገራት። ብልቃጦቹ ከየሆስፒታሉ እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። እኔ ታግጃለሁ፤ የመድኃኒት ቁጥጥር ሰዎች ይጠሩኛል።

ትናንት ማታ ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "የሙከራውን ወረቀት ቀን አይቼዋለሁ" አለች። "ከመታተሙ በፊት ነው።"

"አዎ።"

"ደብዳቤውንስ? እኔ ከታገድኩ በኋላ ነው የጻፍከው።"

"አዎ።"

ተነስታ ሲኒ አመጣች። ከዚያ "ቢሆንም መጣህ" አለች፤ ሻይ ቀዳችልኝ። ይቅርታ አደረገችልኝ ልበል? አላውቅም። ሻዩን ግን ጠጣሁት፤ ልጄ ቤት ከመጣችበት ቀን ወዲህ የጣመኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ፍርሃቱ ወጣልኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ 9

ሌላ ወር ገብቷል። ደብተሩን የተውኩት ሰላም ስለነበር ነው።

ዛሬ ከቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ብልቃጦቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም ሆስፒታል መዝገቡን እንዲፈትሽ ታዞ ነበር። ሁለት ቦታ ያው ስህተት ተገኝቷል። አንደኛው ታካሚ ተርፏል። ሁለተኛዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፤ ምጥ ላይ ሆና ልቧ በኃይል ሲመታባት የተሰጣት ነው። ክፍሉ ውስጥ የጎን መብራት ብቻ ነበር ይላል። "በልብ ድካም" ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ሕፃኑ ተርፏል።

የሞተችበት ቀን ተጽፏል። ያለፈው ወር፣ በ19።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ስመለስ ልጄ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ እያነበበችው ነበር፤ ከሥራ መመለሷ ነው። እንደ እናቷ፣ ሳትቀመጥ። ጣቷ ቀኑ ላይ ነበር።

"አባዬ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ያን ቀን የት ነበርክ?"

"ቤት ነበርኩ" አልኳት።

"ወረቀቱስ?"

"እሱም ቤት ነበር።"